የአሚና ጉንጭ

በካርቱም፣ “ካርቱም ሁለት” በሚባለው ሰፈር፣ ፎቶ ቤት ከፍቼ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ሰው ልጅ ጠባይ ብዙ ተማርኩ ብል ውሸቴን ነው፤ ስለ ጉንጭ ግን የሚወዳደረኝ ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወሎ መጥተው በሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች በየዓመቱ አረፋ ሲቃረብ፣ ዓርብ ዓርብ እየመጡ ፎቶ ይነሱና አገር በሚገባ መንገደኛ እጅ ለእናቶቻቸው ይልካሉ። ደብዳቤ የሚጨምር የለም። ደብዳቤ ምን ያደርጋል? እናት የምታነበው ጉንጭ ነው። ጉንጩ ሞልቶ ካየች ልጇ ተመችቷታል፣ አሠሪዎቿ ደጎች ናቸው፣ አላህም ዱዓዋን ሰምቷል። ጎደል ካለ ግን ወይ ልጅቷ ታማለች፣ ወይ ያ ቤት እያስራባት ነው። ፎቶው በመንደሩ ይዞራል፤ ጎረቤት ሁሉ ተቀባብሎ ይፈርዳል።

ስለዚህ ቀጫጭኖቹ ገና ከመግባታቸው “ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ሞላ ያድርጉኝ” ይሉኛል። እኔም እሞላቸዋለሁ። ትንፋሻቸውን በአፋቸው አስይዛለሁ፤ በጎን አላነሳም፤ ከቀሚሳቸው ሥር ሌላ ቀሚስ እንዲደርቡ አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ አንዷን ትንፋሽ አስይዤ የካሜራውን ባትሪ ስፈልግ ልጅቷ ራሷን ስታ ልትወድቅብኝ ነበር። ፎቶዋ ግን አምሮ ወጣ፤ እናቷም ስመው ሰቀሉት አሉ።

ስሜ ሰይፈሚካኤል ነው። በ1970 ዓ.ም. ነፍሴን ይዤ በገዳሪፍ በኩል የገባሁ ስደተኛ ነኝ። ሱዳኖቹ ኡስታዝ ይሉኛል፤ ድሮ አስተማሪ ስለነበርኩ አይበዛብኝም። ሰውን “ቀና በል” እያልኩ እኔ ጎብጬ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጎልቼ፣ አራት ማንኪያ ስኳር ያለበትን ሻይ በላይ በላዩ እየጠጣሁ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋቱን የሠራሁት እኔ ብሆንም፣ የማወራችሁ ስለ አሚና ነው።

አሚና የእኔን ሞያ ፈልጋ አታውቅም። በሃያ ዓመቷ መጥታ ጣኢፍ በሚባለው የባለጸጎች ሰፈር፣ ሐጃ ዘኪያ ከሚባሉ ባልቴት ቤት ገባች። ስትመጣ እንደማንኛዋም ቀጭን ነበረች። በሦስተኛው ዓመት ፊቷ ከፎቶው ጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞላ። የ2005ቱን ፎቶዋን አሳድጌ መስኮቴ ላይ ሰቅዬው ነበር፤ መንገድ ላይ የሚያልፉት ሴቶች ቆመው በቅናት ያዩታል። ሐይቅ አጠገብ ባለች መንደር ደግሞ እናቷ እመት ሙላቷ ያንኑ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከሥሩ ያስቀምጡት ነበር።

ያ ጉንጭ ከየት መጣ? የሰው ቤት ሠራተኛን የሚያወፍራት የሚሰጣት ምግብ አይደለም፤ የሚተርፈው ነው። የሐጃ ዘኪያ ቤት እንግዳ አይታጣበትም። ፉሉ ይተርፋል፣ ሩዙ ይተርፋል፣ በዘይት የተጠበሰው ለቂማት በስኳር እንደተነሰነሰ ይተርፋል። አሚና ደግሞ ምግብ መጣል አይሆንላትም። እናቷ ቁራሽ መሬት ላይ ወድቆ ቢያዩ አንስተው፣ ስመው፣ ግንባራቸውን የሚያስነኩ ሴት ናቸው። የእሳቸው ልጅ አንድ ትሪ ሩዝ ቆሻሻ ውስጥ ልትገለብጥ ነው? እናም ማታ ማታ ሳህን ከማጠቧ በፊት በሳህኑ ላይ ያለውን ሁሉ ትጨርሰዋለች። “ሆድሽ የዚያ ቤት መጣያ ሆነኮ” ብላት ሁለት ዓርብ አኮረፈችኝ።

በ2007 ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ማረፍ ጀመረች። ጉልበቷ ይንቋቋል፤ ውሃ ጥም አይለቃትም። አንድ ቀን ሐጃ ዘኪያ የቆየ የስኳር በሽታቸውን ለመታየት ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ዘንቢል እንድትይዝላቸው ወሰዷት። እዚያ ሲደርሱ፣ “ያ ዱክቱር፣ ይቺንም ለካልኝ እስቲ። ደረጃ ላይ ከእኔ ይልቅ እሷ ታለከልካለች” አሉት።

ሐኪሙ ደሟን መረመረና ወረቀቱን ይዞ መጣ። “ሐጃ፣ እርስዎ ገብተው ተቀምጠዋል። እሷ ገና በሩ ላይ ናት” አለ። ወደ አሚና ዞሮም፣ “ከበሩ ላይ መመለስ ይቻላል፤ ስኳር ቀንሺ፣ እራትሽን ቶሎ ብዪ፣ በየቀኑ ተራመጂ” አላት።

“መድኃኒቱስ?” አለች አሚና።

“መድኃኒትሽ እግርሽ ነው። ኸላስ።”

የዚያን ዓርብ ወደ እኔ መጥታ እየተቆጣች አወራችኝ። መድኃኒት የማይሰጥ ሐኪም አይታ አታውቅም። ንዴቷ ሲበርድ ግን፣ “ጋሼ፣ እኔ ሰው ቤት ብተኛ ማን ያስታምመኛል? የታመመች ሠራተኛ በነጋታው ነው ወደ አገሯ የምትጫን። እናቴ ያለ እኔ ማን አላት?” አለች። ታናሽ ወንድሟ ተውፊቅ ሐይቅ ከተማ ልብስ ይነግዳል፤ ንግዱ ግን ራሱን እንኳ በቅጡ አላለበሰውም።

ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ፎቶ ቤቴ ባትመጣም፣ የሆነውን በየሳምንቱ በስልክ ስለምትነግረኝ፣ አብሬ የኖርኩ ያህል አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ የስኳሩን ጣሳ ከወጥ ቤት አንስታ ሰገነቱ ላይ ካለችው ክፍል አስቀመጠችው። ስኳር ያማረው ሰው ሁለት ፎቅ ይወጣል፤ በአንድ መውጣት የሚፈቀደውም አንድ ማንኪያ ብቻ ነው። ሐጃ ዘኪያ በመጀመሪያው ሳምንት ተሳደቡ። በሁለተኛው እየተራገሙ ወጡ። በሦስተኛው ሳምንት ለሦስት ማንኪያ ሦስት ጊዜ ላለመመላለስ በአንዱ ጨክነው ጠጡት። አሚናም በአንድ ማንኪያ ጀመረች፤ ከዚያ በግማሽ። “ሻዩ ሻይ ሻይ ይለኛል፤ እስከ ዛሬ ምን ስጠጣ እንደነበር አላውቅም” አለችኝ።

ቀጥሎ ትራፊው መጣ። እሱ ከባድ ነበር፤ መጣል ግፍ፣ መብላት በሽታ። ሦስት ቀን አስባበት መፍትሔው በጎረቤት ግቢ ተገኘ። የዚያ ግቢ ዘበኛ ሙሄዲን ሦስት ፍየሎች አሉት። አሚና ራቷን ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ በአንዲት ሳህን፣ ጅርጅር ከሚሉት ቅጠል ጋር ትበላና፣ ሌሊት የሚተርፈውን ጠዋት ለፍየሎቹ ትወስዳለች። ሩዙ ቆሻሻ ውስጥ አልገባም፤ እሷም ዳነች። ሙሄዲን ብቻ በዓመቱ መጨረሻ “ፍየሎቼ መራመድ አቃታቸው” ብሎ አጉረመረመ።

የቀረው እርምጃ ነው። ሐጃም መራመድ ስለታዘዙ አብረው ሊወጡ ተስማሙ። ግን ከሱዳን ባልቴት ጋር መራመድ ማለት ከሰላምታ ጋር መታገል ነው። በየደጁ ቆመው እንዴት አደራችሁ ይላሉ፤ ልጆቹን፣ የልጆቹን ልጆች፣ ያገባችውን፣ ያላገባችውን፣ ጉልበቱን፣ ሙቀቱን ይጠይቃሉ። ከዚያ “ኢትፈደሊ፣ ግቢ” ይባላል፤ አለመግባት ንቀት ነው። በመጀመሪያው ቀን አራት በር አልፈው፣ ሦስት ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ ጠጥተው ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ ተመለሱ።

አሚና መላ ዘየደች። የሱብሒ ሰላት እንዳለቀ፣ በር ሳይከፈት መውጣት። ድንገት ሰው ቢገጥም ደግሞ እግር ሳይቆም ሰላም ማለት። እናም ሐጃ ዘኪያ ነጭ ቶባቸውን ተከናንበው፣ ባሉበት እየረገጡ “ኬፍ፣ ተማም፣ ልጆቹስ” ሲሉ ጎረቤቶቹ ጂን የያዛቸው መሰላቸው። እሳቸው ግን ወደዱት። በሁለተኛው ወር አሚና ብትዘገይ በሯን የሚያንኳኩት እሳቸው ሆኑ፤ “ያላ፣ ፀሐይዋ ቀደመችን።”

በ2008 አረፋ ሲቃረብ አንዲት ሸንቃጣ ሴት ፎቶ ቤቴ ገባች። “ግቢ እህቴ፣ ምን ነበር?” አልኳት። ሳቀች። አሚና መሆኗን ያወቅኩት በሳቋ ነው።

“ጉንጭሽስ?”

“ለፍየል ሰጠሁት” አለች። ሐኪሙ ዳግም ለክቶ፣ ከበሩ ላይ ተመልሰሽ ደጁን ለቀሽ ሄደሻል ብሏታል። ደረጃውን በሩጫ ትወጣለች። ደስታዋ ክፍሉን ሞላው፤ እኔም ደስ አለኝ። ግን የሞያ ነገር ሆነና፣ “እናትሽ ይደነግጣሉ፤ ትንፋሽሽን ያዢ” አልኳት።

“አልይዝም። ይችን ትንፋሽ ያገኘሁት ዓመት ሙሉ ደክሜ ነው። እንደሆንኩ ያንሱኝ።”

እንደሆነች አነሳኋት። ፎቶው በመንገደኛ እጅ ሄደ።

በሃያኛው ቀን፣ ሥራ በሚበዛበት ማክሰኞ፣ አሚና ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ፎቶው ሐይቅ ደርሷል። እመት ሙላቷ እንዳዩት ድሮ ከሰቀሉት ፎቶ ሥር ተቀምጠው እህል አልቀምስም ብለዋል። “ልጄን አስርበው ሊገድሏት ነው፤ አሁኑኑ ትምጣ። እሷ ሳትጠግብ እኔ አልበላም።” አሚና በስልክ ጤነኛ ነኝ ብላ ብትምል ብትገዘት “በስልክ ጉንጭ አይታይም” አሏት። በምስል ሊያነጋግራቸው ተውፊቅ ስልኩን ይዞ ሄደ፤ ኔትወርኩ የአሚናን ፊት እንደተሰበረ ሸክላ ቆራርጦ ቢያሳያቸው ልቅሶው ባሰ።

“እናቴ ሦስት ቀኗ ነው፤ ከውሃ በቀር አልቀመሰችም። ወይ ሥራዬን ጥዬ ልሂድ፣ ወይ እንደገና ልወፍር። ሌላ ምን መንገድ አለኝ?” አለችና ደንበኛ የማስቀምጥበት ወንበር ላይ ተዘርፍጣ አለቀሰች።

እኔ ደግሞ የሴት ልቅሶ አይሆንልኝም፤ ደሜ ይፈላል። ሃያ ስድስት ዓመት ጉንጭ ስሞላ የኖርኩ ሰው በአንዲት ጉንጭ ልሸነፍ? “ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ” አልኳትና ኮምፒውተሩን ከፈትኩ።

“ውሸት አይሆንም፣ ጋሼ?”

“ወንጀል አይደለም፤ ትንሽ መሙላት ነው። ሁሌም የምሠራው ሥራ ነው።”

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ጉንጯን ሞላሁ፣ አገጯን ደረብ አደረግሁ፣ የዓይኗን ሥር ነፋሁ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ አሳምሬ የሠራሁት ሥራ የለኝም። “በመጀመሪያው ፎቶ ላይ መብራቱ ተበላሽቶ ነው” ብለን በተውፊቅ ስልክ ላክነው። አሚና ዓይኗን ከእኔ እያሸሸች ወጣች፤ እኔ በራሴ ረክቼ አራት ማንኪያ ያለበት ሻይ አዘዝኩ።

በማግስቱ ተውፊቅ ደወለ። እናቱ ስልኩን ተቀብለው ፊቷን አዩ፤ ፈገግ አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ። በፎቶው ላይ አሚና እጇን ጭኗ ላይ አጣምራለች፤ አምባሯ ላልቶ አንጓዋ ላይ ወድቋል። እኔ የጉንጭ ሰው እጁን ረስቼዋለሁ። እመት ሙላቷ “ፊቷ አብጦ እጇ ከስቷል! አበቃላት!” ብለው ጮኹ። የዚያኑ ዕለት እህል በሉ፤ ለመንገድ ጉልበት ያስፈልጋል ብለው ነው። አሚና ለሐጅ ብላ ያስወጣችላቸው ፓስፖርት በሣጥናቸው ነበር። ቪዛው እንደተገኘ ተውፊቅን አስከትለው በመተማ በኩል ተነሱ።

መናኸሪያ ሄዳ የተቀበለቻቸው አሚና ናት። ገና ሳይሳሳሙ እጇን ይዘው አገላብጠው አዩ። አሚና እውነቱን እዚያው ተናዘዘች፤ ፊቴን ያሳበጠው ፎቶ አንሺው ነው አለች። እመት ሙላቷ “ወደ እሱ ውሰጅኝ” አሉ። እህል ውሃም ሳይሉ፣ ለልጃቸው ማወፈሪያ ያመጡትን ገንቦ ቅቤ እንዳቀፉ፣ በአምጃድ ታክሲ ፎቶ ቤቴ ደረሱ።

ወፍራም ሴት ነበር የጠበቅኩት። የገቡት በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ እንደ ዘንግ ቀጥ ያሉ ቀጭን ሴት ናቸው። ተውፊቅ በላብ ተጠምቆ ከኋላ ሻንጣ ይጎትታል።

“ልጄን ያሳበጥካት አንተ ነህ?”

“አዎ፣ እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ” አልኩ። ኮምፒውተሩን አዙሬ አሳየኋቸው፤ አንዱን ስጫን አሚና ትሞላለች፣ ሌላውን ስጫን ትጎድላለች። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። አላመኑኝም።

“ተቀመጪ” አሉ ልጃቸውን። አሚና ተቀመጠች። እሳቸው ወለሉ ላይ ተንበርክከው ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚቷ ትንሽ ገለጥ አደረጉና፣ አውራ ጣታቸውን ቅልጥሟ ላይ አጥብቀው ተጫኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ጣታቸውን አነሱ። አራታችንም አጎንብሰን አየን። ቆዳዋ ወዲያው ሞልቶ ተመለሰ። ሌላውን እግሯን ተጫኑ፤ እሱም ተመለሰ።

“ተመለሰ” አሉ። “ተመለሰ፣ አልሐምዱሊላህ።” ሻሻቸውን ዓይናቸው ላይ ጣሉና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ለማናችን እንደሚናገሩ አይታወቅም ነበር። “በሰባ ሰባት ዘሃራ የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ ነበረችኝ። መጠለያው ውስጥ ነን። በመጀመሪያ ከሳች። ከዚያ አንድ ጠዋት ፊቷ ሞልቶ አገኘሁት። እኔ ሞኟ ዳነችልኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ ለሰው ሁሉ አሳየሁ። ከጎኔ የተኛችው ሴት እግሯን ተጫኚው አለችኝ። ስጫነው ጎድጉዶ ቀረ፤ ለካ የረሃብ እብጠት ነው።”

ተውፊቅ ወደ ግድግዳው ዞረ። አሚና ከድርቁ በኋላ የተወለደች ናት፤ እህት እንደነበራት ታውቃለች፤ ስለ ጉንጩ ግን እስከዚያች ቀን አልሰማችም። ወርዳ ከእናቷ ጎን ተቀመጠችና አቀፈቻቸው። እኔ አፈርኩ። ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ሥራ ምን እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው፤ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

መሬቱ አልተከፈተም። ይልቅ እመት ሙላቷ ዕንባቸውን ጠራርገው ሊነሡ ሲሉ ዓይናቸው እግሬ ላይ ዐረፈ። የጫማዬ ጠፍር እግሬ ላይ ገብቶ ተቀብሯል።

“ያንተ እግር ምን ሆኖ ነው?”

“መቀመጥ ነው፤ የካርቱም ሙቀትም…”

“ሱሪህን ሰብስብ።”

ሰበሰብኩ። አውራ ጣታቸውን ተከሉብኝ፤ አነሱት። ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። አራታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅነው። ጉድጓዱ አይንቀሳቀስም።

“ጋሼ፣ ሻይ ላዝዝልዎ እስኪመለስ?” አለች አሚና ዕንባዋ ሳይደርቅ።

እናቷ አልሳቁም። “እኔ ስንት አገር አቋርጬ የመጣሁት ለጤነኛዋ ነው። በሽተኛው እዚህ ተቀምጧል። ነገ ሐኪም ዘንድ ውሰጅው” አሉ። ወሰደችኝ። ያው ሐኪም የደም ግፊቴን ለክቶ ጨው ከለከለኝ፤ አንድ ኪኒን ጻፈልኝና፣ የቀረው መድኃኒት ያው እግርህ ነው አለኝ። ስኳሬን አሚና ራሷ ከፎቶ ማንሻው መጋረጃ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው፤ ለመድረስ ወንበር ላይ መውጣት አለብኝ። ሱቅ ዐረቢ ወደሚባለው ገበያ ቀለምና ወረቀት ልገዛ ስሄድ ሚኒባስ ትቼ በእግሬ ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት አገሩን ሁሉ ረገምኩ።

እመት ሙላቷ አንድ ወር ከሐጃ ዘኪያ ቤት ተቀመጡ። ጠዋት ከሁለቱ ጋር ይወጣሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ዳገት የወጡ ሴት ናቸውና ሜዳው መንገድ አልመስል ብሏቸው ጥለዋቸው ይሄዳሉ። ሐጃ በበኩላቸው “ይቺ ሴት ከስታለች፤ ምነው አትበላም?” እያሉ አሚናን ያማክሯታል። ቅቤው ግን ለማንም ሳይሆን ለሙሄዲን ሚስት ተሰጠ፤ አራስ ነበረች።

ሊሄዱ ሲሉ፣ በመጨረሻው ዓርብ፣ ፎቶ ሊነሱ መጡ። አሚናን አስቀምጬ መብራቱን ፊቷ ላይ አስተካከልኩ፤ የለመድኩት ነውና።

“ዝቅ አድርገው፤ እግሯም ይታይ” አሉ እመት ሙላቷ።

ፎቶ ቤቴ ለጉንጭ የተሠራ ነው፤ ሙሉ ሰው አይችልም። ወንበሩን አወጣን፤ እኔ ካሜራዬን ይዤ በሩን አልፌ መንገድ ላይ ቆምኩ። አሚና ቀጥ ብላ ቆመች፤ ከቀሚሷ ጫፍ በታች እግሮቿ በነጠላ ጫማ። ትንፋሿን አልያዘችም። አንድ ብቻ አነሳሁ።

እመት ሙላቷ ከመውጣታቸው በፊት እኔንም “ተቀመጥ” አሉኝና አንድ ጊዜ ተጫኑ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ጠበቁ። “ይዘገያል፤ ግን ይመለሳል” አሉ።

ተውፊቅ በኋላ እንደነገረን፣ ቤታቸው እንደገቡ ያንን የ2005ቱን ፎቶ አውርደው አዲሱን ሰቀሉ። እንግዳ ሲመጣ ዛሬም ከሥሩ ያስቀምጡታል። እንግዳው “አሚና ከሳች እንዴ?” ሲል፣ ተነሥተው አውራ ጣታቸውን ፎቶው ላይ፣ ቅልጥሟ ላይ ያኖሩና፣ “እኔ ራሴ ተጭኜ አይቻለሁ፤ ልጄ አለች” ይሉታል።